ዕጣ የወጣለት ቤት

የአቶ ተርፋሳን ሞት የሰማሁት ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ድሮ ለሥራ ስንወጣ በጭነት መኪናው ያመላልሰን የነበረ አንድ ሹፌር ከኋላዬ መጥቶ፣ «ውባለም፣ ያ የስታቲስቲክሱ ሰውዬ አረፉ እኮ» አለኝ። «የቱ?» አልኩት፣ የቱ እንደሆነ እያወቅኩ። «ጣሳ ይዘው የሚዞሩት ነዋ። ኑኑ ከተማ፣ የተከራዩባት ክፍል ውስጥ ነው የሞቱት። እዚያው ተቀብረዋል፤ ሳምንት አለፈው።» ነፍስ ይማር አልኩ። ሽንኩርቱን መርጬ ጨረስኩ፣ ከፈልኩ፣ ቤቴ ገባሁ። እንባ የሚባል ነገር አልመጣም። እስካሁንም አልመጣም። ሰው ደንዝዞ የሚኖር አይመስለኝም ነበር፤ ለካ ይኖራል፤ ሽንኩርትም ይከትፋል።

አለቃዬ ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነቀምት ላይ ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም የመጣ ነጋዴ ነው፤ ኦሮምኛውን እኔ ከመንገድና ከጎረቤት ነው የለቀምኩት። አቶ ተርፋሳ የቀጠሩኝም ለዚሁ ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ የምታወራ፣ ጓዳ ድረስ ገብታ ሴቶቹን የምትጠይቅ ሴት ፈልገው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። በሦስት ከተማ፣ በነቀምት፣ በቢላና በኑኑ፣ ዕጣ የወጣላቸው ቤቶች እየገባን ወደዚህ ቤት ምን ይገባል፣ ከየት ይገባል፣ ስንት ሰው ይካፈለዋል ብለን መጠየቅ ነው። የየከተማው መልስ አንድ ላይ ሲቀመጥ ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ ይታያል። እሳቸው ግን «ይታያል» የሚለውን ቃል አይወዱም ነበር። «ካጠራነው ይታያል» ይላሉ።

ከእኛ በፊት የተሠራ ቆጠራ ነበር። የቢላ ቤት ከነቀምት ቤት በብዙ እጥፍ ያገኛል የሚል ውጤት ወጥቶለት የነቀምት ሰው ሁሉ ስቋል፤ አንዳንዱማ «እንግዲህ ጠቅልለን ቢላ እንግባ» እያለ ሲቀልድ ሰንብቷል። አቶ ተርፋሳ አልሳቁም። ቅጾቹን አወጡና ቢላ የተጠየቀችው በኅዳር፣ ቡና ሲሸጥ፣ ነቀምት ደግሞ በነሐሴ፣ ጎተራ ሲራቆት መሆኑን አገኙ። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ከሦስቱም ገበያ አንዳንድ ጣሳ ገዝተው ቢሯቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። ጣሳው ያው ጣሳ ነው፤ ሰፋሪው ነው የሚለያየው። የቢላ ነጋዴ ቆልሎ ይሰፍራል፣ የነቀምቱ በመዳፉ ጠርጎ ነው የሚሰጠው። በቆሎ በሁለቱም ዓይነት ሰፍረው ሚዛን ላይ አስቀመጡልንና፣ «አያችሁ፣ እነዚህ ሁለቱ በስም እንጂ በሆድ አይተዋወቁም» አሉን። ከዚያ ወዲያ የትም ሲሄዱ የራሳቸውን ጣሳ በከረጢት ይዘው ነው። ሕዝቡም በዚሁ ለያቸው።

አጠር ያሉ፣ ካኪ ኮት የሚለብሱ ሰው ነበሩ፤ እርሳሳቸው ጆሮአቸው ላይ ነው። የመካነ ኢየሱስ ሰው ናቸውና መንገድ ላይ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ሞልተን ያመጣነውን ቅጽ ራሳቸው አያነቡትም። እኛ ጮክ ብለን እንድናነብላቸው ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ የማይገጥም ነገር ሲመጣ አንድ ጣታቸው ብቻ ብድግ ትላለች። ያቺን ጣት ስንፈራት ለጉድ ነው።

መጀመሪያ ያነሷትን አልረሳትም። አንድ ሸማኔ በወር ስንት ያገኛሉ ብዬ ብጠይቀው «ተመስገን፣ ደህና ነው» ስላለኝ እንዳለ ጽፌዋለሁ። ጣት ተነሳች። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ተመስገን ስንት ኪሎ ይመዝናል?» ባልደረቦቼ ለሳምንት በዚህ ሲቀልዱብኝ ከረሙ። ሄጄ ትናንት ስንት ክንድ እንደሸመነ፣ ለማን እንደሸጠ፣ ሚስቱ ፈትሉን ከማን እንደገዛች ጠየቅኩና መልሱ ራሱ መጣ።

ከሁሉም በላይ አንድ ቃል ነበረቻቸው፤ «አታጉርሱ» የምትል። ለሚጠየቀው ሰው መልሱን አፉ ውስጥ አታስገቡለት ማለት ነው። ላም አለዎት አይደል፣ ልጅዎ ይልክልዎታል አይደል፣ የሚባል ጥያቄ እሳቸው ዘንድ ሌብነት ነው። «የጎረሰ ሰው የሚናገረው የአጉራሹን ነው» ይላሉ። ሌላዋ ደግሞ፣ «ቤት ማለት ጣሪያ አይደለም፤ ድስት ነው።» ከአንድ ድስት የሚበሉ የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው። ደንቡም ቁርጥ ነበር፤ ባለፈው ስድስት ወር ውስጥ ቢያንስ ዘጠና ሌሊት እቤት ያላደረ፣ ከዚያ ድስት ያልበላ፣ አባትም ይሁን ልጅ፣ የቤቱ ሰው ተብሎ አይጻፍም። የሚሰጠው ገንዘብ ካለ «ከውጭ የሚላክ» በሚለው ረድፍ ይገባል። ይህ ካልተጠበቀ አንዱ ከተማ ላይ የሌለውን ሰው ደመወዝ ቆጥረን ሌላው ላይ ትተን እናወዳድራለን፣ ያ ደግሞ ውሸት ነው፣ ይሉን ነበር።

ማስቸገራቸው ብዙ ነው፤ ሰውን ማወቃቸው ግን ይበልጣል። ቢላ ላይ አንድ ሽማግሌ ስለ ከብት ስንጠይቃቸው ፊታቸው ጠቆረ። ከብት አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ከብት ያልቃል። እኔ እሺ ብዬ ልዘለው ስል አቶ ተርፋሳ በርጩማቸውን አስጠጉና በኦሮምኛ፣ «አባ፣ መች እንቁጠር አልንዎት። ስማቸውን ብቻ ያጫውቱን» አሏቸው። ሽማግሌው ፊታቸው ፈታ አለ። ቡሬ አሉ፣ መገላ አሉ፣ ዳሌ አሉ፤ የእያንዳንዷን ጠባይ፣ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ስንት ጊዜ እንደወለደች። እኔ ከቅጹ ጀርባ ለአንድ ስም አንዲት መስመር እያሰመርኩ ተቀመጥኩ። ስንወጣ ሽማግሌው እርጎ አጠጥተው ሸኙን። አቶ ተርፋሳ መንገድ ላይ፣ «የሰው ሀብት በስሙ ሲጠሩት ይመጣል» ብለው መዝሙራቸውን ቀጠሉ።

ቤታቸው እዚሁ ነቀምት ነበር። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ፣ ሁለት ሴቶች ልጆችና የአዴ ጫልቱ እናት። ትልቋ ልጅ ቀነኒ ትባላለች፤ አዴ ጫልቱም ባላቸውን «አባ ቀነኒ» እያሉ ነው የሚጠሩት። አንድ ቀን ቢሮ ድረስ ምሳ ይዘው መጥተው፣ «አባ ቀነኒ፣ ይሄ ዙር መቼ ነው የሚያልቀው?» ሲሏቸው ሰማሁ። «ይሄ ብቻ ነው።» «ባለፈውም ይሄ ብቻ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እየሳቁ፣ «ውባለም፣ አንቺ እንኳ አስታውሺልኝ። ቤት አለህ በዪልኝ» አሉኝ። ሳቁ ሳቅ ነበር፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

እውነት አላቸው። እኚህ ሰው ግማሽ ዓመታቸውን ቢላና ኑኑ ነበሩ። ግን ተስፋ ተሰጥቷቸው ነበር። ይህን ዙር ያለ እንከን ካስረከቡ ዋናው መሥሪያ ቤት ነቀምት ላይ የቢሮ ወንበር ሊሰጣቸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ጭነት መኪና ላይ ተቀምጠን ሲያጫውቱኝ፣ «ይቺን ዙር በንጽህና ላስረክብ እንጂ፣ ከጫልቱ ድስት ሁለተኛ አልነሳም» ብለውኛል። ሰው ሁሉ ለሥራው ሲሉ ነው እንዲያ የሚንገበገቡት ይል ነበር። እኔ ግን ለቤታቸው ሲሉ እንደነበር አውቃለሁ።

ኋላ የሆነውን እዚህ ላይ ልናገርና ይውጣልኝ። ወንበሩ በቃሉ መሠረት መጣ። አቶ ተርፋሳ ግን ለሌላ ሰው ይሰጥልኝ ብለው ጻፉና ኑኑን መረጡ። ለምን እንደመረጡ ሰው ሲጠይቀኝ ትከሻዬን እነቀንቃለሁ። ምክንያቱ ግን በእኔ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ አንድ ቅጽ ላይ ይገኛል።

የነቀምት ዕጣ የወጣው በመጨረሻው ዙር ነው። የቤቶቹን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፈን በባርኔጣ ውስጥ ከተትንና ቆጣሪዎቹ ተራ በተራ አወጣን። እኔ ካወጣኋቸው አንዱን መዝገብ ላይ ሳየው የአቶ ተርፋሳ ቤት ሆኖ አገኘሁት። ሳቅኩ። «ጋሼ፣ ይሄንንስ እንተወው፤ ጎረቤቱን እንያዝ» አልኳቸው። አልሳቁም። «ዕጣ የወጣለት ቤት አይለወጥም። ዛሬ ለእኔ ብዬ ከለወጥኩ ነገ አንቺ ለዝናብ ብለሽ ትለውጫለሽ። ቤቱን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ትሠሪዋለሽ።»

ቅጹ ሰባት ቀን ይፈጃል። ቆጣሪዋ በየቀኑ እየሄደች ምን ተበላ፣ ምን ተሸጠ፣ ምን ገባ ትጽፋለች። የቤቱን ሰዎች ስም የምንመዘግበው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ሰው ሳይለምደን ስም ስንጠይቅ ግብር ሊጭኑብን ነው እያለ ስለሚደብቀን። ይህንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። ታዲያ እሳቸው በዚያው ሰሞን ከቢላ ተመልሰው ነቀምት ሊሰነብቱ ነው። ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ሆቴል ክፍል ተከራዩ።

«እቤት ከገባሁ ጫልቱ ዶሮ ታሳርዳለች» አሉኝ። «ቅቤ ታወጣለች፣ ከጎረቤት ትበደራለች። ያ ሳምንት የቤቱ ሳምንት አይሆንም፤ የእኔ መምጣት ሳምንት ነው የሚሆነው። ቢላ ላይ ባለቤቱ መጥቶ ዶሮ የታረደበት ቤት ቢገጥመን ምን እንል ነበር?» እውነታቸውን ነው፤ እንደ ሥራ። «ታዲያ ይንገሯቸዋ» ብላቸው፣ «ካወቀች ያው አወቀች፣ ተበላሸ። አንቺም ምንም እንዳትዪ። ሰባት ቀን ነው፤ ሲያልቅ እኔው ሄጄ እነግራታለሁ፣ እንስቃለን» አሉኝ። እሺ አልኩ። አለቃ ናቸው። ደግሞም እንደሚስቁ አምኜ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጥሩ ነበሩ። አዴ ጫልቱ ጓዳቸውን ከፍተው ጎመኑን፣ ጨውን፣ ጋዙን ሁሉ እያሳዩ አጻፉኝ። አማቻቸውን የሚያማው የአዴ ጫልቱ እናት ምላስም አላረፈም፤ «ያንን ጣሳ ስፈሪበት ብሎ ነው ያገባሽ» እያሉ ያስቁናል። አዴ ጫልቱ በመሃል፣ «አባ ቀነኒ ከቢላ መቼ እመጣለሁ አለሽ?» አሉኝ። «እንጃ» አልኩ። ያን ጊዜ አቶ ተርፋሳ ከዚያ ቤት የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ነበሩ።

በአራተኛው ቀን ስገባ በርጩማ አወጡልኝ። የጎረቤታቸው ሴትዮ አቶ ተርፋሳን ሆቴሉ በረንዳ ላይ ሻይ ሲጠጡ አይታቸው ኖሯል። ነቀምት ትንሽ ከተማ ናት፤ አንድ ሰው እንኳን ሰባት ቀን ሰባት ሰዓት አይደበቅባትም። አዴ ጫልቱ የሰፌዱን ጤፍ እየለቀሙ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ውባለም፣ እዚህ ነው እንዴ ያለው?» አሉኝ። አንዲት ቃል ነበረች። ለሥራው ብለው ነው፣ ዕጣ ወጥቶባችሁ ነው፣ ማለት ነበረብኝ። እኔ ወረቀቴን አየሁ። «አዴ፣ ትናንት የገዛችሁት በቆሎ ስንት ጣሳ ነበር?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ነገሩኝ።

ከዚያ በቀጥታ ሆቴሉ ሄጄ፣ «አውቀዋል፤ ይሂዱ» አልኳቸው። «ምን አለች?» «እዚህ ነው ወይ አሉ።» «አንቺ ምን አልሽ?» «ምንም።» «ደግ አደረግሽ» አሉ። «ሦስት ቀን ነው የቀረው። አሁን ብገባ ያለፈው አራት ቀን ሁሉ ይጣላል። ጫልቱ እኮ ታውቀኛለች።» እጃቸው የኮታቸውን ቁልፍ እየነካካ ነበር። ለምኛቸው ቢሆን ይሄዱ እንደሆን እንጃ። አልለመንኩም።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ስሞቹን መዘገብኩ። «በዚህ ቤት ከአንድ ድስት የሚበሉ እነማን ናቸው?» አልኳቸው እንደ ደንቡ።

«እኔ ጫልቱ። እናቴ። ቀነኒ። ትንሿ ለሊሴ።»

ሌላ ሰው ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅ ይፈቀዳል። «ሌላ ሰው አለ?»

«የለም።»

ልጆቹ በር ላይ ነበሩ። አሮጊቷ ያን ቀን አልቀለዱም። እርሳሴን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። «ጻፊ እንጂ» አሉኝ አዴ ጫልቱ፤ ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፣ ሥራ ያለበት ሰው ድምፅ ነው። ጻፍኩ። ቀጥዬ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ አለ ወይ አልኩ። «አለ። በየወሩ።» «ማነው የሚልከው?» «የልጆቹ አባት» አሉ። ያንንም ጻፍኩ።

ቢሮ ስገባ አቶ ተርፋሳ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን ቦርሸው ይጠብቁኝ ነበር። ለልጆቹ ብስኩት ገዝተዋል። «በይ አንብቢና እንዝጋው፤ ምሳ እዚያ ነው» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሰባቱን ቀን አነበብኩ፤ ጣት አልተነሳችም። ስሞቹን አነበብኩ። አራት ናቸው። ጣት አልተነሳችም። ከውጭ የሚላክ የሚለውንም አነበብኩ።

ዓይናቸውን ሳይከፍቱ፣ «ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው?» አሉኝ።

«እንደ ደንቡ።»

«አጉርሰሻታል?»

«የለም።»

ዓይናቸውን ገለጡና ከኪሳቸው የመንገድ ደብተራቸውን አወጡ። የት እንዳደሩ ለአበል ሲባል ሌሊቱን ሁሉ የሚጽፉባት ናት። ገጽ በገጽ በእርሳሳቸው ጫፍ እየነኩ በስድስቱ ወር እቤት ያደሩበትን ሌሊት ቆጠሩ። «ሰማንያ አምስት» አሉ።

ሰባቱን እኔ ደመርኩ፤ በልቤ። ዘጠና ሁለት። «ጋሼ፣ ሆቴል ያደሩት ሰባት ሌሊት...»

«ሆቴል ነው ያደርኩት። የበላሁትም እዚያው ነው።»

«ልጨምርዎትና ይለቅ» አልኩ። «ማን ያየናል? አንድ ስም ነው።»

«እኔ ከገባሁ ደመወዜ በሙሉ ይገባል» አሉኝ ቀስ ብለው፣ እንደ መጀመሪያ ቀን ሲያስተምሩኝ። «ያቺ ቤት ወረቀት ላይ ሀብታም ትሆናለች። ጫልቱ የምታበላቸው ግን በምልከው ነው። መልሷ ልክ ነው።» ፈረሙ። ፊርማቸው እንደ ወትሮው ነበረች፤ አልተዛነፈችም። ከዚያ የብስኩቱን ጥቅል አነሱና፣ «አሁን ተዘግቷል፤ መግባት እችላለሁ። አንቺም ነዪ» አሉ። ብቻቸውን መሄድ ፈርተው እንደነበር የገባኝ ቤት ከደረስን በኋላ ነው።

አዴ ጫልቱ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። «አካም ጅርቱ፣ ግቡ፣ ግቡ» አሉ። ልጆቹ ተነስተው ቆሙ። ከውስጥ ክፍል ቁርበት የለበሱ ሁለት በርጩማዎች መጡ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሳቸው። ቀነኒ የእጅ ውሃ አመጣች። አሮጊቷ ስለ ቢላ መንገድ ጠየቁ፣ ዝናቡ ገብቶ እንደሆነ። አቶ ተርፋሳ መለሱ። ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ፤ ዕጣውን፣ ሆቴሉን፣ ዶሮውን። አዴ ጫልቱ ቆመው አዳመጧቸው። «አዎ፣ ሥራ ነው» አሉ ሲጨርሱ። «ሥራ ይከበራል።»

ምሳ ቀረበ። ለእኔና ለእሳቸው ለብቻ በአንድ ትሪ፣ የእንግዳ ምግብ፣ አንጮቴ በቅቤ። ልጆቹ ጓዳ ነበር የበሉት፤ ድምፃቸው ይሰማን ነበር። አዴ ጫልቱ አልተቀመጡም፤ ቆመው፣ «ብሉ እንጂ፣ ኦቦ ተርፋሳ፤ አልበሉም እኮ» እያሉ፣ እንደ እንግዳ በአቶ እየጠሩ፣ ጨመሩላቸው። እሳቸውም እየደጋገሙ አመሰገኑ። ብስኩቱ መስኮቱ ላይ እንደታሰረ ተቀምጦ ነበር።

እጃችንን ታጠብን። እኔ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አስተካክለው በሩን ለሁለታችንም ከፈቱልን። «ስለመጣችሁልን ገላቶማ» አሉ። «ጌታ ይባርካችሁ፤ መንገዱን ያቅናላችሁ።»

አቶ ተርፋሳ ባርኔጣቸውን ፈለጉና ተነሱ።